የነዳጅ ፍለጋ ቁፋሮ በዐረብ በረሃ፦ የመሬቱ ማገገምና የዱር እንስሳቱ ጥበቃ

እ.ኤ.አ. በ1956 በኦማን በረሃ ፋሁድ በተባለ ስፍራ የመጀመሪያው የነዳጅ ፍለጋ ጉድጓድ ተቆፈረ። ብዙ ገንዘብና ድካም የፈሰሰበት ያ ጉድጓድ ደረቅ ሆኖ ተገኘ። ነዳጁ ከዚያ ጥቂት መቶ ሜትሮች ፈቀቅ ብሎ ከምድር በታች ተኝቶ ነበር፤ የተገኘውም በ1964 ነው። በአቡ ዳቢ የባሕር ዳርቻ በራስ ሰድር በ1950 የተጀመረው ጥልቅ ጉድጓድ ወደ 4 ሺህ ሜትር ቢወርድም ፍሬ አልሰጠም። በሳዑዲ ዐረቢያ ዳማም ደግሞ የቀደሙት ስድስት ጉድጓዶች በቂ ምርት ሳይሰጡ ቀርተው ሰባተኛው በ1938 ነዳጅ አፈለቀ።

እነዚህ ታሪኮች ብዙውን ጊዜ የሚወሱት የሰው ልጅን ጽናት ለማሳየት ነው። መሬቱን ማዕከል አድርጎ ለሚመለከታቸው ግን ሌላ ነገር ይናገራሉ። ደረቅ ሆኖ የቀረው ጉድጓድም እንደ ባለጸጋው ሁሉ መንገድ ተጠርጎለታል፤ ሜዳ ተደልድሎለታል፤ የሠራተኞች ሰፈር ተተክሎለታል። የፍለጋ ቁፋሮ ማለት ከምድር በታች ነዳጅ ወይም ጋዝ መኖር አለመኖሩን ለማረጋገጥ የሚደረግ ቁፋሮ ሲሆን፣ ከማምረቻ ጉድጓድ የሚለየው ዋናው ነገር ዕድሜው አጭር መሆኑ ነው። ሥራው በጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ያልቃል፤ አብዛኛውን ጊዜም ጉድጓዱ ተደፍኖ ይተዋል። በረሃው ግን ለአጭር ጊዜ የደረሰበትን ጉዳት በአጭር ጊዜ አይጠግንም። የመሬት ማገገምና የዱር እንስሳት ጥበቃ ጥያቄ የሚነሣው በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል ካለው ልዩነት ነው።

የጉዳቱ መጀመሪያ

በብዙ ሰው አእምሮ የቁፋሮ ጉዳት ሲባል የሚመጣው የጉድጓዱ ምስል ነው። ጉድጓዱ ራሱ ግን ከሁሉም ያነሰውን ቦታ ይይዛል። አፉ በጥቂት እርምጃ የሚሻገሩት ነው፤ ማማው፣ ማሽኖቹና የቱቦ ክምሩ የሚያርፉበት የተደለደለ ሜዳ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሄክታር ያህል ነው። ከዚያ አስቀድሞ ግን የመሬት ንዝረት ጥናት ይካሄዳል። እያንዳንዳቸው ከሃያ ቶን የሚበልጡ ተሽከርካሪዎች ቀጥ ባሉ መስመሮች እየተጓዙ መሬቱን ያርገበግባሉ፤ የሚመለሰው ሞገድ ከታች ያለውን የአለት አቀማመጥ ያሳያል። መስመሮቹ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ሊዘልቁ ይችላሉ። ቀጥሎም ከባድ ጭነት የሚያልፍበት መንገድ ይጠረጋል።

ከሩቅ ሲታይ ባዶ የሚመስለው በረሃ ቆዳ አለው። በጠጠራማው ሜዳ ላይ ነፋስ ደቃቁን አፈር ለብዙ ዘመናት ጠርጎ የተወው የጠጠር ንጣፍ ከሥሩ ያለውን አፈር ይሸፍነዋል። በሌሎች ስፍራዎች ደግሞ በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት የአሸዋውን ቅንጣት እንደ ሙጫ እያያያዙ ስስ ቅርፊት ይሠራሉ። ይህ ቆዳ በጎማ ሲሰበር ነፋሱ አፈሩን ያነሣዋል፤ ከሥሩ ያለው ደግሞ በክብደቱ ተጠቅጥቆ የዝናብ ውሃ የማያሳልፍ፣ ሥር የማይገባበት ይሆናል። በአሜሪካ ሞሃቪ በረሃ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከ1942 ጀምሮ ሠራዊት የሠለጠነባቸው ሜዳዎች አሉ፤ የታንኮቹ ዱካ ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላም በግልጽ ይታይ ነበር። በዐረብ ልሳነ ምድርም ዝናቡ ከዚያ የሚበልጥ አይደለም።

መንገዱና ሳላው

ይሁን እንጂ ከተሰበረው ቆዳ ይልቅ የከፋው መንገዱ የሚያመጣው ሰው ነው። ይህን ከጂዳት አል ሐራሲስ ታሪክ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

ጂዳት አል ሐራሲስ በመካከለኛው ኦማን የሚገኝ ሰፊ ጠጠራማ ሜዳ ነው። ዝናብ ሳይጥልበት ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ፤ ነገር ግን ከዐረብ ባሕር የሚነሣው ጉም ሌሊት ወደ ሜዳው እየገባ ግራሩንና ሣሩን ያረጥበዋል። ስሙን የሰጡት ሐራሲስ የተባሉት አርብቶ አደሮች በዚህ ጉምና በፍየሎቻቸውና በግመሎቻቸው ወተት ይኖሩ ነበር። ከእነርሱ ጋር አብሮ የኖረው ደግሞ በዐረብኛ አል ማሃ የሚባለው የዐረብ ሳላ ነው። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሳላን ያየ ሰው ዘመዱን ወዲያው ይለየዋል። የዐረቡ ሳላ ከአዋሹ ያነሰ፣ መላ አካሉ ነጭ፣ እግሩ ጠቆር ያለ፣ ቀንዱ እንደ ጦር የረዘመ ነው። ውሃ ሳይጠጣ ከሚበላው ተክልና ከጤዛው በሚያገኘው እርጥበት ብቻ ለረጅም ጊዜ መቆየት ይችላል።

በ1950ዎቹ መገባደጃ የነዳጅ ፈላጊዎች ወደዚህ ሜዳ ገቡ። በሐይማ ለሥራቸው የቆፈሩት የውሃ ጉድጓድ ለሐራሲስም ተረፋቸው፤ ቋሚ ውሃ በማያውቅ ምድር ይህ ትልቅ ስጦታ ነበር፤ ይህንንም መዘንጋት ፍትሕ አይሆንም። መኪና ሊያልፍበት የሚችል ዱካ ግን ለፈላጊው ብቻ አላገለገለም። ቀድሞ በግመል ብዙ ቀን የሚፈጀውን ርቀት በመኪና በሰዓታት የሚያቋርጡ አዳኞች ከሩቅ መጡ። ሳላው ከግመል ጋላቢ ማምለጥ ያውቅ ነበር፤ በገላጣ ሜዳ ላይ ከመኪናና ከጠመንጃ የሚያመልጥበት መላ ግን አልነበረውም። በዱር የቀሩት የመጨረሻዎቹ ሳላዎች በ1972 እዚያው በጂዳት አል ሐራሲስ ተገደሉ።

ዘሩ ጨርሶ ያልጠፋው አስቀድሞ በተወሰደ እርምጃ ነው። በ1962 በደቡብ ዐረቢያ ጥቂት ሳላዎች ተይዘው ወደ አሜሪካ ፊኒክስ ከተማ የእንስሳት ማቆያ ተወሰዱ፤ ከሌሎች ስፍራዎች ከተሰጡት ጋር ተዳምረው ዘጠኝ ሆኑ። በአቡ ዳቢም ሟቹ ሼኽ ዛይድ ቢን ሱልጣን አል ናህያን በ1960ዎቹ መጨረሻ በአል ዐይን የእርባታ ሥራ አስጀመሩ። ከአሜሪካ የተመለሱት ሳላዎች በ1982 በጂዳት አል ሐራሲስ ያሉኒ በተባለ ስፍራ ተለቀቁ፤ ጥበቃውም ለሐራሲስ ሰዎች ተሰጠ። በ1994 ስፍራው በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈረ፤ በ1996 የሳላዎቹ ቁጥር 450 ገደማ ደርሶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሕገወጥ አዳኞች እንደገና መጡ። በዚህ ጊዜ ሳላውን የሚፈልጉት በሕይወት ይዘው ለግል ማቆያዎች ለመሸጥ ነበር። በ2007 የቀሩት 65 ብቻ ሲሆኑ፣ ከእነዚያም የሚራቡት ጥንዶች አራት ያህል ነበሩ። በዚያው ዓመት የተከለለው ስፍራ በ90 በመቶ እንዲቀነስና በቀድሞው ክልል ውስጥ የነዳጅ ፍለጋ እንዲካሄድ ተወሰነ። የዓለም ቅርስ ኮሚቴም ስፍራውን ከመዝገቡ ሰረዘው፤ መዝገቡ ከተከፈተ ጀምሮ የተሰረዘ የመጀመሪያው ቅርስ ነው።

ይህን ታሪክ የነዳጅና የእንስሳት ጦርነት አድርጎ ማቅረብ ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። ሁለት ጊዜም ሳላውን ያጠፋው የቁፋሮ ማማ ሳይሆን አዳኝ ነው። ማማው በሌለበትም አዳኝ ይኖራል። ነገር ግን መንገዱን የጠረገ ሰው በመንገዱ የሚመጣውን ሁሉ አስቀድሞ ማሰብ ይጠበቅበታል። ዛሬ በጥንቃቄ የሚሠሩ የፍለጋ ቡድኖች በተቻለ መጠን በነባሩ ዱካ የሚጓዙት፣ አዲስ መንገድ ሲያስፈልግ ኬላ የሚያኖሩት፣ ሥራው ሲያልቅም መግቢያውን በአፈር ክምርና በቦይ የሚዘጉት ለዚህ ነው። መንገዱ ከዋናው አውራ ጎዳና በሚገነጠልበት ጥቂት መቶ ሜትር ላይ ዱካው ሙሉ በሙሉ ከጠፋ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ማንም አያየውምና አይከተለውም።

አፈሩን ማስቀመጥ፣ አፈሩን መመለስ

መሬቱ የሚያገግመው ቁፋሮው ካለቀ በኋላ በሚደረግ ሥራ ብቻ አይደለም። ቁርጡ የሚታወቀው የመጀመሪያው ዶዘር ሥራ በጀመረበት ዕለት ነው። የበረሃ ተክሎች ዘር በአብዛኛው ከላይኛዎቹ ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ውስጥ ተኝቶ ዝናብ ይጠብቃል። ይህ ስስ አፈር ከሥሩ ካለው ጋር ከተደባለቀ ዘሩ ተቀብሮ ይቀራል። ስለዚህ የላይኛው አፈር በስሱ ተገፎ ለብቻው ይቀመጣል። ክምሩም ዝቅተኛ መሆን ይኖርበታል፤ እንደ ኮረብታ ከተቆለለና ለዓመታት ከቆየ በውስጡ ያለው ሕይወት ይሞታል። ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ነገር ነው። በተግባር ግን ጊዜ የሚሻማ የሥራ ኃላፊ መጀመሪያ የሚዘለው እርምጃ ይኸው ነው፤ ከዘለለው በኋላ ደግሞ የሚመለስበት መንገድ የለም።

ፍሬ ያልሰጠው ጉድጓድ በተለያየ ጥልቀት በሲሚንቶ ይደፈናል፤ ይህም ከታች ያለው ጨዋማ ውሃ ወይም ጋዝ ወደ ንጹሑ የከርሰ ምድር ውሃ እንዳይወጣ ነው። የብረት ቱቦው ከመሬት ወለል በታች ተቆርጦ ይከደናል። የተጠቀጠቀው ሜዳ በብረት ጥርስ በጥልቀት ይታረሳል፤ ከዚያ የተቀመጠው አፈር ይመለሳል። ወለሉ ሻካራና ጎርባጣ ሆኖ መተው አለበት። ለዓይን የሚያምረው የለሰለሰ ሜዳ ነፋስ ያጥበዋል፤ ጎርባጣው ግን የሚበር ዘርንና የምትጥለውን ጥቂት ዝናብ ይይዛል።

በአሸዋ ክምር አገር ሁኔታው ይለያል። በባዶው ሩብ፣ ማለትም በሩብ አል ኻሊ፣ የሚንቀሳቀሰው አሸዋ የጎማውን ዱካ በአንድ ወቅት ነፋስ ሊሸፍነው ይችላል፤ በአሸዋ ክምሮቹ መካከል ያለው የጨው ሜዳ ግን፣ በዐረብኛ ሳብኻ የሚባለው፣ ዱካውን እንደ ማኅተም ይዞት ይቆያል። ስለዚህ ለሁሉም የሚሆን አንድ መመሪያ የለም።

የትኛው ተክል ይተከል?

በረሃን በፍጥነት አረንጓዴ ለማድረግ መቸኮል ራሱ ሌላ ጉዳት አስከትሏል። የዚህ ምስክር በኢትዮጵያ አፋር ክልል የሚኖር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ ነው። ከአሜሪካ ምድር የመጣው ይህ እሾሃማ ዛፍ ድርቅ ይቋቋማል፣ አፈር ይይዛል ተብሎ ተተክሎ፣ በአዋሽ ተፋሰስ የግጦሽ መሬቱን ወርሶ አርብቶ አደሩን አፈናቅሏል። በባሕረ ሰላጤው አገሮችም እንዲሁ ከተተከለበት ወጥቶ ተስፋፍቷል።

የሚገርመው፣ የዚያው ወገን የሆነ አገር በቀል ዛፍ በዚያው በረሃ መኖሩ ነው፤ እርሱም ጋፍ ነው። ጋፍ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ሥሩን ወደ ጥልቅ ይሰድዳል፤ ለግመል ቅጠል፣ ለወፍ ጎጆ፣ ለሳላና ለሚዳቋ ጥላ ይሰጣል። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ብሔራዊ ዛፍ ሲሆን፣ በ2019 የመቻቻል ዓመት ሲከበርም ምልክት ሆኖ ተመርጧል። በቁፋሮ ስፍራ ላይ ግን ዛፍ መትከል የሚገባው ቀድሞ ዛፍ በነበረበት ብቻ ነው። በአብዛኛው ስፍራ የሚፈለገው ቁጥቋጦና ሣር ነው፤ ዘሩም በአቅራቢያው ካለ ጤነኛ መሬት ቢለቀም ይመረጣል።

የበቀለው ቡቃያ ደግሞ ከግመልና ከፍየል ካልተጠበቀ ለአንድ ክረምት አይቆይም። እዚህ ላይ ዐረቦች ከጥንት ጀምሮ የነበራቸው ሥርዓት ያግዛል። ሒማ የሚባለው ይህ ሥርዓት አንድን የግጦሽ ስፍራ ለተወሰነ ጊዜ ዘግቶ ማሳረፍ ነው፤ ከእስልምና በፊት ጀምሮ የነበረ ሲሆን እስልምናም ለጋራ ጥቅም በሚውል መልኩ አጽንቶታል። ከአርብቶ አደሩ ጋር በስምምነት የተዘጋ መሬት በሽቦ ብቻ ከታጠረው ይልቅ ይከበራል።

ኩሬው፣ መብራቱና ቆሻሻው

በቁፋሮ ጊዜ መሰርሰሪያውን የሚያቀዘቅዝና የተፈጨውን አለት ወደ ላይ የሚያወጣ የቁፋሮ ጭቃ ይዘዋወራል። ይህ ጭቃ የሚጠራቀምበት ክፍት ኩሬ ለሚያልፍ ወፍ ውሃ ይመስላል። የዐረብ ልሳነ ምድር በአውሮፓ፣ በእስያና በአፍሪካ መካከል የሚመላለሱ ወፎች መንገድ ነው፤ ረጅም በረሃ አቋርጦ የደከመ ወፍ የሚያብረቀርቅ ነገር ሲያይ ይወርዳል። በአሜሪካ በ2006 የታተመ ግምት በነዳጅ ቆሻሻ ኩሬዎች ውስጥ በየዓመቱ ከግማሽ ሚሊዮን እስከ አንድ ሚሊዮን ወፎች እንደሚሞቱ አመልክቷል። መፍትሔው የተራቀቀ አይደለም፤ ኩሬውን በመረብ መሸፈን፣ ከሁሉ የተሻለው ደግሞ ጭቃውን በተዘጋ ታንከር ማኖር ነው።

ጊዜውም ይመረጣል። ሁባራ የተባለው፣ ዐረቦች በጭልፊት ሲያድኑት የኖሩት ወፍ፣ እንቁላሉን የሚጥለው በክረምቱ መጨረሻና በጸደይ በገላጣ መሬት ላይ ነው። ቀለሙ ከጠጠሩ ጋር ስለሚመሳሰል የከባድ መኪና ነጂ ሊያየው አይችልም። በዚህ ወቅት አዲስ መስመር ከመግባቱ በፊት መሬቱን በእግር የሚፈትሽ ሰው ያስፈልጋል። በዐረብኛ ደብ የሚባለው ትልቅ ባለ እሾህ ጭራ እንሽላሊትም በጉድጓዱ ስለሚኖር ጉድጓዶቹ አስቀድመው ተቆጥረው መንገዱ እንዲዞርላቸው ይደረጋል።

ብዙም የማይወራለት ጉዳት ከሠራተኞች ሰፈር የሚወጣው የምግብ ትርፍ ነው። ቆሻሻው ቁራንና ቀበሮን ይስባል፤ ቁራውም በመብራት ምሰሶ ላይ ጎጆ ሠርቶ የአካባቢውን የወፍ እንቁላል ይለቅማል። የቤት ድመት አብሮ ከመጣ ደግሞ ከበረሃው የዱር ድመት ጋር ይዳቀላል፤ የዱር ድመቱ ዘር በዐረቢያ እየጠፋ ካለባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ይህ ነው። በሰፈሩ ያለ ምግብ አብሳይ የቆሻሻ በርሜሉን መክደኑ ወይም መርሳቱ የአንድ ሸለቆ ወፎች ዕጣ ሊሆን ይችላል።

ሕጉና መጠለያዎቹ

የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች በ1999 ያወጡት የፌዴራል ሕግ ቁጥር 24 ፕሮጀክቶች ፈቃድ ከማግኘታቸው በፊት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ እንዲደረግባቸው ያዛል። ሳዑዲ ዐረቢያ በ2020 አዲስ የአካባቢ ሕግ አውጥታለች። በካሉብና በሂላላ ጋዝ የተገኘባት፣ በደቡብ ኦሞም በ2013 የነዳጅ ፍለጋ ጉድጓዶች የተቆፈሩባት ኢትዮጵያም በአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ተመሳሳይ ግዴታ ደንግጋለች። የሕጎቹ ጥንካሬ የሚለካው ግን ቁፋሮው ካለቀና ኩባንያው ከሄደ በኋላ ነው። ለማገገሚያው ገንዘብ አስቀድሞ ካልተያዘ፣ ነዳጅ ላልሰጠ ጉድጓድ ተመልሶ ገንዘብ የሚያወጣ ማግኘት ከባድ ነው።

ከነዳጅ መስክ ጎን የዱር እንስሳት መጠለያ ማቋቋምም ተሞክሯል። በ1968 በባዶው ሩብ የተገኘው የሸይባ መስክ ምርት የጀመረው በ1998 ነው፤ በ2016 በአቅራቢያው 637 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መጠለያ ተከፍቶ የዐረብ ሳላ፣ ሪም የሚባለው የአሸዋ ሚዳቋና ሰጎን ተለቀውበታል። በአቡ ዳቢ ደቡብ ምሥራቅ በኡም አል ዙሙል በ2007 ሳላዎችን ወደ በረሃ የመመለስ ሥራ ተጀምሯል። በባዶው ሩብ ምዕራባዊ ጫፍ በዑሩቅ በኒ ማዓሪድ ሳላ በ1995 የተመለሰ ሲሆን፣ ስፍራው በ2023 በዓለም ቅርስ መዝገብ ተመዝግቧል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም በ2011 የዐረብ ሳላን ለመጥፋት ከተቃረቡት መደብ አውጥቶ ዝቅ ያለ ስጋት ወዳለበት አዛውሮታል። በዱር ጠፍቶ ከነበረ እንስሳ መካከል እዚህ የደረሰ ከእርሱ በፊት አልነበረም።

የታጠረ መጠለያ ግን የራሱ ጥያቄ አለው። አጥር አዳኝን ያግዳል፤ ዝናብ ወደ ጣለበት ስፍራ ለመሄድ የለመደውንም መንጋ ያግዳል። በድርቅ ዓመት በአጥር ውስጥ ያለ ሳላ መኖና ውሃ ከሰው እጅ ይጠብቃል። ስለዚህ ከቁፋሮ ስፍራ ርቆ የተሠራ መጠለያ በቁፋሮው ስፍራ ያልተመለሰውን አፈር አይተካም፤ ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

አንድ ስፍራ ማገገሙ የሚታወቀው ባልተነካ አጎራባች መሬት በመመዘን ነው። ባለሙያዎች በሁለቱም ላይ ትንንሽ አራት ማዕዘን ቦታዎች ከልለው ከዝናብ ወቅት በኋላ ቁጥቋጦውን ይቆጥራሉ፣ የአፈሩን ጥንካሬ ይለካሉ፣ ሌሊት የሚቀረጽ ካሜራም ይተዋሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚታየው አመታዊ ቡቃያ ብቻ ነው፤ ይህ ሊያሳስት ይችላል፤ አንድ ጥሩ ዝናብ የትኛውንም መሬት ለአንድ ወር ያለመልመዋልና። ቀጥሎ ቋሚው ቁጥቋጦ ይመጣል፤ በሥሩም አሸዋ እየተከማቸ ትንሽ ጉብታ ይሠራል። ዘር ለቃሚ ጉንዳኖች የቤታቸውን አፍ በቀድሞው የማሽን ሜዳ ላይ ይከፍታሉ። ከዚያ በኋላ፣ አንዳንዴም ከብዙ ዓመታት ቆይታ በኋላ፣ የሚዳቋ ኮቴ የቀድሞውን መንገድ ሳይከተል በላዩ አቋርጦት ሲያልፍ ይገኛል።